ጋሼ የትሄደና ያልገጠመው ውሃ

በየማለዳው ኮታቸውን ሳያወልቁ፣ ቦርሳቸውን ሳያስቀምጡ ቀጥ ብለው ወደ ውሃ ማፍሊያው ይሄዳሉ። ክዳኑን ከፍተው ወደ ውስጥ ያያሉ፤ ክዳኑን ይመልሱታል፤ ከዚያም ወደ ክፍሉ ዞረው፣ ለማንም ሳይሆን ለሁሉም፣ «ትናንት ስወጣ ከግማሽ በላይ ነበር። የት ሄደ?» ይላሉ።

መልስ የሚሰጣቸው የለም። መልሱማ ግልጽ ነው፤ ሰው ጠጥቶታል። እሳቸው ግን ይህን እንደ መልስ አይቆጥሩትም። ማን ጠጣው፣ ጠጥቶ ያስተረፈውን የት ደፋው፣ በእንፋሎት የወጣው ምን ያህል ነው፣ መስኮቱስ ክፍት ነበር ወይስ ዝግ፣ ይህ ሁሉ ካልተነገራቸው ነገሩ እልባት አላገኘም። እልባት ያላገኘውን ነገር ይዘው ወንበራቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ የክፍሉም ቀን በዚሁ ይጀመራል።

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት መሥሪያ ቤት በምድር ላይ የለም። መሥሪያ ቤት ብቻም አይደለም፤ ለእያንዳንዱ ቤተሰብ፣ ለእያንዳንዱ ፎቅ አንድ አንድ ተመድቦለታል። የደረጃው አምፖል ሲቃጠል አዲስ ከማስገባት ይልቅ አሮጌው የት እንደ ተጣለ የሚያጣራው ጎረቤት እሱ ነው። ሙሽሮቹ ሲገቡ አዳራሹ ሁሉ እያጨበጨበ፣ ጠረጴዛው ላይ የነበረው ሁለተኛው ቢላ የት እንደ ገባ በዓይኑ የሚፈልገው አጎትም እሱ ነው። ክፋቱ፣ እነዚህ ሰዎች ማንንም ሌባ አይሉም። ሌባ ቢሉህ ተጣልተህ ትገላገላለህ። እነሱ ግን ማንንም አይጠረጥሩም፤ ማወቅ ብቻ ነው የሚፈልጉት። ማወቅ ብቻ ከሚፈልግ ሰው ደግሞ ማምለጫ የለም።

የክፍሉ ሰዎች የሰውየውን ስም ከረሱት ቆይተዋል። አለቃዋም፣ ጥበቃውም፣ ትናንት የተቀጠረውም «ጋሼ የትሄደ» ነው የሚላቸው፤ እሳቸውም አቤት ይላሉ። አንድ ጊዜ ብቻ «የድሮው ስሜ የት ሄደ?» ብለው ጠይቀው ነበር ይባላል፤ ይህን ያወራው ቀልድ የሚወደው የክፍሉ ፕሮግራመር ስለሆነ ግን እርግጠኛ መሆን አይቻልም።

ሌላ መሥሪያ ቤት ቢሆኑ ኖሮ አሰልቺ ሽማግሌ ከመባል አያልፉም ነበር። ዕድል ግን፣ የእሳቸው ሳይሆን የሥዕሊት መጥፎ ዕድል፣ የዓለምን የውሃ ዑደት በኮምፒውተር የሚያሰላ ክፍል ውስጥ የስሌቱ ዋና መርማሪ አድርጎ አስቀመጣቸው።

ሥዕሊትም ስሟ አይደለም። የኮምፒውተር ሥዕል ሠሪ ናት፤ ከቁጥር በቀር ሌላ ነገር በማያውቅ ክፍል ውስጥ የምትሥል ሰው ስትመጣ ሌላ ስም አላስፈለጋትም። የመጣችው በኮንትራት ነው፤ ሥራዋም አንድ ብቻ ነው። አዲስ በሚከፈተው የሳይንስ ሙዚየም ውስጥ፣ ውሃ ዓለምን እንዴት እንደሚዞር የሚያሳይ፣ ግድግዳ የሚሞላ አጭር ፊልም ትሠራለች። የክፍሉ ኃላፊ በመጀመሪያው ቀን አስቀምጣ በግልጽ ነግራታለች። ፊልሙ ለመክፈቻው ከደረሰ ቋሚ ሠራተኛ ትሆናለች፤ ካልደረሰ ኮንትራቷ እዚያው ላይ ያበቃል። በፊት የነበረችበት ማስታወቂያ ቤት ተዘግቷል። እናቷ ደግሞ ልጄ ቋሚ ሆነች ብላ ለጎረቤት ሁሉ ካወራች ቆይታለች፤ ይህም ከኮንትራቱ ይልቅ ሥዕሊትን እንቅልፍ የሚነሳት ጉዳይ ነው። ከክፍሉ የሚወጣ ማንኛውም ሥራ የዋናውን መርማሪ ፊርማ ይፈልጋል። ዋናው መርማሪ ማን እንደሆኑ ተነግሯል።

ሥራው ሲነገር ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ዓለምን በትናንሽ ካሬዎች ይከፋፍላታል። ለእያንዳንዱ ካሬ በየሰዓቱ ያሰላል። ከባሕሩ ምን ያህል ውሃ ተነነ፣ ነፋሱ ወደ የትኛው ካሬ ገፋው፣ የት ዘነበ፣ ከዘነበውስ ምን ያህሉ መሬት ውስጥ ሰረገ፣ ምን ያህሉ ተራራ ላይ በረዶ ሆኖ ተቀመጠ፣ ምን ያህሉ በወንዝ ተመልሶ ባሕር ገባ። ይህን ነው ሞዴል የሚሉት። እውነተኛው ዓለም አይደለም፤ አምሳያው ነው። አምሳያው ደህና መሆኑ የሚታወቅበት የመጀመሪያው ምልክት ግን አንድ ነው፤ ሲጀመር የነበረው ውሃ ሲያልቅም መኖር አለበት። ደመና ይሁን፣ በረዶ ይሁን፣ ዛፍ ይጠጣው፣ ሲደመር ያው መምጣት አለበት። ሞዴሉ ውስጥ ውሃ ሹልክ የሚልበት በር የለም።

ዕድሜውን ሙሉ «የት ሄደ?» ሲል የኖረ ሰው ለእንዲህ ያለ ሥራ እንዴት ያለ መቅሠፍት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ሥዕሊት የመጀመሪያውን ፊልም በጊዜ ጨርሳ፣ ደስ ብሏት አሳየች። ሰማያዊ ቀስቶች ከባሕር ይነሣሉ፣ ደመና ይሆናሉ፣ ተራራ ላይ ይወርዳሉ፣ ወንዝ ሆነው ይመለሳሉ። ኃላፊዋ ወደደችው። ፕሮግራመሩ ሳይቀር ጥሩ ነው አለ፤ እሱ ደግሞ ጥሩ ነው የሚለው ምሳ ሲደርስ ብቻ ነው። ጋሼ የትሄደ ግን ተነሥተው ወደ ግድግዳው ሄዱ፤ ከኪሳቸው ማስመሪያ አወጡና ብርሃኑ ላይ አስደግፈው የሚወጣውን ቀስት ለኩ። ከዚያ የሚወርደውን ለኩ።

«የወጣው ከወረደው ይበልጣል» አሉ። «ትርፉ የት ሄደ?»

ለውበት ነው ብላ አስረዳች። ቀስት ሲወርድ ቀጠን ካላለ ለዓይን እንደሚከብድ፣ ይህም በትምህርት ቤት የሚሰጥ የታወቀ ነገር እንደሆነ ተናገረች። በትሕትና አዳመጧት። ሁልጊዜም እስከ መጨረሻው በትሕትና ያዳምጣሉ፤ ሰውን የሚያሳብደውም ይኸው ነው። ስትጨርስ፣ «ገባኝ» አሉ፤ «ትርፉስ?»

ቀስቶቹን እኩል አደረገቻቸው። በሚቀጥለው ጊዜ ደግሞ አንድ ወንዝ ሥዕሉ ጠርዝ ላይ ደርሶ እንደሚቀር አዩ። ከጠርዙ ወዲያ ባሕር አለ ብትላቸው ባሕሩን ማየት እንደሚፈልጉ ነገሯት። ካርታውን አሰፋችው። ሲሰፋ በረሃ መሐል ሐይቅ ውስጥ የሚያልቅ ሌላ ወንዝ ታየ፤ ያ ወንዝ ምን እንደ ነካው ተጠየቀች፤ ከሐይቁ እንፋሎት እንዲነሣ አደረገች። እንፋሎቱን ነፋስ ወደ ምሥራቅ ወሰደውና በካርታው ቀኝ ጠርዝ ወጣ። እዚህ ላይ ጋሼ የትሄደ ግራውን ጠርዝ በጣታቸው ነክተው ጠበቁ። በቀኝ የወጣው ደመና በግራ መግባት ነበረበት። ሥዕሊት ዓለም ክብ መሆኗን ረስታለች ተብሎ ፕሮግራመሩ ሳምንቱን ሙሉ በየኮሪደሩ ሳቀባት።

አንድ ቀን ስብሰባ ሊያመሽባቸው መሆኑን እንድትነግርላቸው ቤታቸው አስደወሏት። ባለቤታቸው አነሡ። ሥዕሊት ያን ዕለት ብሶት ሞልቷት ስለነበር፣ መልእክቱን ካደረሰች በኋላ ሳታስበው ምሬቷን ዘረገፈችው። ወይዘሮዋ ሳቁ። «አንቺ ልጄ የምታገኚው በቀን ብቻ ነው» አሏት፤ ባለፈው ሳምንት ባላቸው ሳሙናው በምን ፍጥነት እንዳለቀ ሲያስረዳቸው ራቱ በርዶ እንደ ቀረ አጫወቷት። ልጃቸው አግብታ ከቤት የወጣች ዕለት ሰው ሁሉ ሲያለቅስ እሱ በየክፍሉ እየዞረ አልጋዋ ላይ የነበረው ትራስ የት ሄደ ሲል ነበር። «ሌላ ምን ይበል ታዲያ» አሉ፤ ራቱን እንደማላቆይለት ንገሪልኝ ብለው ዘጉ።

ሥዕሊት ይህን ጨዋታ ሰምታ አልራራችም። መክፈቻው እየቀረበ ነበር።

ተስፋ ቆርጣ ቀስቶቹን በሙሉ አጠፋቻቸው። በምትካቸው ነጥብ ብቻ ተጠቀመች። እያንዳንዱ ነጥብ እኩል መጠን ያለው ውሃ ነው፤ አካሄዱን የሚወስነው የእሷ እጅ ሳይሆን ከሞዴሉ በቀጥታ የሚመጣው ቁጥር ነው። ነጥብን ለውበት ማቅጠን አይቻልም። ጋሼ የትሄደ በጠየቁት መሠረት ጥግ ላይ ነጥቦቹን የሚደምር ቆጣሪ አስቀመጠች። አሁን ይጠይቁ እንግዲህ አለች በሆዷ።

ፊልሙ ያማረ ነበር። ጥቁር ግድግዳ ላይ ሰማያዊ ነጥቦች ከባሕሮቹ እንደ ጭስ እየተነሡ፣ በሰማይ ረጅም ሰልፍ ሠርተው እየተጓዙ፣ ተራራ ሲያገኙ ተሰብስበው ይወርዱ ነበር። በረዶ ላይ የወረዱት ቀጥ ብለው ይቆያሉ፤ ሙቀት ሲመጣ እንደ ነቃ መንደር አንድ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። ኃላፊዋ መነጽሯን አውልቃ ጠረገች። ፊልሙ ሲያልቅ ጋሼ የትሄደ ወደ ቆጣሪው ጠጋ አሉ።

«ጎድሏል» አሉ፤ በጣም ቀስ ብለው።

ሥዕሊት ያን ቀን ቤቷ ገብታ እናቷ ዛሬስ እንዴት ዋልሽ ስትላት ኮምፒውተሯን ከፍታ ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት የራሷን ፕሮግራም በመበርበር አሳለፈቻቸው። ነጥቦቹ ከካሬ ወደ ካሬ ሲሻገሩ ተከተለቻቸው፤ ሲተኑ፣ ሲዘንቡ፣ ሲሰርጉ ተከተለቻቸው። የሥዕል ትምህርቷን ረገመች፤ ነጥብን ረገመች። መጨረሻ ላይ የደረሰችበት ነገር ግን ከራሷ ስሕተት የባሰ ሆነ። እሷ ጋ የሚጠፋ ነጥብ የለም። ነጥቦቹ ጎድለው ነው የሚመጡላት። ውሃው የሚጠፋው ሞዴሉ ውስጥ ነው።

ይህን ለፕሮግራመሩ ስትነግረው ይደነግጣል ብላ ነበር። ዳቦውን መግመጥ አላቋረጠም። እሱማ ይጎድላል፣ የማን ሞዴል የማይጎድል አለ አላት። ካሬዎቹ ብዙ ናቸው፣ ሞዴሉን የጻፉት እጆችም ብዙ ናቸው፣ የሆነ ቦታ ትንሽ ትንሽ ያንጠባጥባል። ስለዚህ ዓመቱ ሲያልቅ የጎደለውን አስልቶ ባሕር ውስጥ የሚጨምር ማስተካከያ አለ፤ ለፊልሙ የሰጣት ቁጥር ማስተካከያው ያልነካው ስለሆነ ነው እንጂ ሌላው ሥራ ሁሉ ገጥሞ ነው የሚወጣው።

«ባሕሩ እኮ ሰፊ ነው» አለ ፍርፋሪውን ከጉልበቱ ላይ እያራገፈ። «አንድ ጭልፋ ብትጨምሪበት ማን ያየዋል?»

ጋሼስ ይህን ያውቃሉ ወይ አለችው። ፕሮግራመሩ መጀመሪያ ያገኙት እሳቸው መሆናቸውን፣ እሱ ከመቀጠሩ አስቀድሞ ጀምሮ እየፈለጉት እንደሆነ፣ ማስተካከያውም የተጻፈው እሳቸው ፈልገው እስኪያገኙ ድረስ ለጊዜው ተብሎ እንደነበር ነገራት። ለጊዜው የተባለው ጊዜ ግን ሦስት ኃላፊዎችን አሰናብቷል።

ሥዕሊት የተናደደችው ያን ጊዜ ነው። መጉደሉን እያወቁ ቀስቷን በማስመሪያ ሲለኩ፣ ዓለምን ሲያስዞሯት ከርመዋል ማለት ነው። ወደ ጠረጴዛቸው ሄደች። እርሳስ ይቀርጹ ነበር፤ ቅራፊውን ወረቀት ላይ እያጠራቀሙ።

«ጋሼ፣ ያውቁ ነበር» አለቻቸው።

«መጉደሉን አውቃለሁ» አሉ ቀና ሳይሉ። «የት እንደሚጎድል ግን አላውቅም።»

ወንበር ሳቡላት። ከዚያ በፊት ለማንም ወንበር ስበው አያውቁም፤ የተነሣ ወንበር የት እንደሚሄድ ስለማይታወቅ። ቁጥር የሚሰጣቸው ድምሩን ብቻ እንደሆነ ነገሯት። በዓመቱ መጨረሻ ይህን ያህል ጎደለ ይላል፤ የትኛው ተራራ ላይ፣ የትኛው ሰዓት እንደሆነ አይልም። ካሬ በካሬ ለማየት ሞክረው አንድ ረድፍ ሳይጨርሱ ዓይናቸው ደከመ፤ የሞዴሉ አዲስ እትም መጣና ካሬዎቹ እንደገና ተከፋፈሉ። ሥዕል ሠሪ ሊቀጠር ነው ሲባል ሌሎቹ ለሙዚየሙ ነው ብለው ሲያስቡ፣ እሳቸው ሌላ ነገር አሰቡ። ሥዕል ቦታ አለው። ግን ቀስቱ ለውበት ከቀጠነ፣ ወንዙ ጠርዝ ላይ ከተቆረጠ፣ ደመናው በቀኝ ወጥቶ ከቀረ፣ እውነተኛው ጉድለት ከእነዚህ ጋር ተደባልቆ ይደበቃል።

«መደበቂያውን ነበር የማጠፋው» አሉ። «አንቺን ለማስቸገር አልነበረም። ማስቸገሬን ግን አውቃለሁ፤ ባለቤቴ ትነግረኛለች።»

ሥዕሊት ንዴቷ አልበረደም። ቢሆንም ወደ ጠረጴዛዋ ተመልሳ አንድ ነገር አደረገች። አንድ ነጥብ በሚቀጥለው ሰዓት የትም ካልተገኘ፣ መጨረሻ የታየበት ቦታ ላይ ቀይ ምልክት ትቶ እንዲሄድ አዘዘች። ከሰዓት በኋላ መጋረጃውን ጋርደው ሁለቱ ብቻ አዩት።

መጀመሪያ ምንም አልታየም። ከዚያ ከፍ ያሉት ተራሮች ጫፍ ላይ አንድ ሁለት ቀይ ታየ። ቀጥሎ በረዷማው ሰሜን ዳር ዳሩ ላይ ቀጭን ቀይ መሥመር ወጣ፤ ውርጩ ሲጠነክር ይወፍራል፣ ሲላላ ይሳሳል። ጋሼ የትሄደ ወንበራቸውን እየሳቡ፣ እየሳቡ አፍንጫቸው ግድግዳውን ሊነካ ደረሰ። በረዶ ሳይቀልጥ በቀጥታ እንፋሎት ሲሆን ነው አሉ። ከበረዶው ይቀነሳል፣ አየሩ ላይ ግን ሙሉ በሙሉ አይደመርም። አንዱ ክፍል ሰጠሁ ይላል፤ ሌላው አልተቀበልኩም። ከዚያ በኋላ ምንም አልጠየቁም። ሥዕሊት ሳይጠይቁ ይህን ያህል ጊዜ ሲቀመጡ አይታቸው አታውቅም።

ደስታቸው ግን ብዙ አልቆየም። ፊልሙ በቀጠለ ቁጥር ቀዩ በረዶ ላይ ብቻ አልቀረም። ሞቃታማ ደን ላይ ወጣ፤ ምንም በሌለበት ባሕር መሐል ወጣ፤ ወንዞች ባሕር በሚገቡባቸው ዴልታዎች ላይ ፍንጥቅ ፍንጥቅ አለ። ቀዳዳ ቢሆን ይደፈን ነበር። ይህ ግን የቆዳ ሽፍታ ነው፤ ገላውን ሁሉ የወረሰ። አንዱን ማዳን ሞዴሉን ከፍቶ፣ ጡረታ የወጡና የሞቱ ሰዎች የጻፉትን መሥመር በመሥመር ማንበብና እንደገና ማስኬድ ነው። ዓመታት ይፈጃል። ሙዚየሙ የሚከፈተው በሚቀጥለው ሳምንት ነው። ጋሼ የትሄደም በወሩ መጨረሻ ጡረታ ይወጣሉ።

የመጨረሻው ስብሰባ በማግሥቱ ሆነ። ኃላፊዋ ክፉ ሰው አይደለችም፤ ስልኳ ግን ከጠዋት ጀምሮ ከሙዚየሙ በሚመጣ ጥሪ ሲጮህ ነበር የዋለው። ቀዩን አየችና ወንበሯ ላይ ተደገፈች። ሕፃናት ይህን አይተው ውሃው ጠፋ ብለው ያልቅሱ ወይ አለች። የተለመደው ማስተካከያ ይግባበት፣ የጎደለው ባሕሩ ላይ ይጨመር፣ ይህ ውሸት ሳይሆን በየትኛውም አገር ያለ አሠራር ነው አለች። ፕሮግራመሩ ከስብሰባው በፊት አስተካክሎ አዘጋጅቶት ስለነበር ፊልሙ ወዲያው ታየ። ያማረው ፊልም ነበር፤ ሲያልቅ ቆጣሪው ሲጀምር ያሳየውን ቁጥር አሳየ።

«እሺ ጋሼ» አለች ኃላፊዋ እየፈራች። «ገጥሟል?»

ሁሉም ዞረው አዩዋቸው። ፕሮግራመሩ ረጅም ቀን እንደሚሆን ስለገባው ጃኬቱን አውልቆ ወንበሩ ላይ አንጠለጠለ። ሥዕሊት ማታውን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ አድራ ቁርጡን አውቃ ነው የገባችው። እሳቸው ጎድሏል ሲሉ እሷም ጎድሏል ትላለች። ኮንትራቱ ያበቃል፣ እናቷ ለጎረቤት የምትለው ታጣለች፣ ይሁን። የምትናገረውን ዓረፍተ ነገር ሳይቀር አዘጋጅታለች። አፏን ልትከፍት ነበር።

ጋሼ የትሄደ ግድግዳውን አዩ። የጎደለው የተጨመረበትን ባሕር አዩ፤ እንደ ሌላው ባሕር ሰማያዊ ነው።

«ገጥሟል» አሉና ፈረሙ።

ፕሮግራመሩ ጃኬቱን መልሶ መልበስ እስኪያስታውስ ድረስ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ኃላፊዋ እንኳን ደስ አለሽ ብላ ሥዕሊትን ሳመቻት። ሥዕሊት የምትፈልገውን ሁሉ አግኝታ ቆማ ቀረች። ያን ሁሉ ጊዜ የጠላችው ጥያቄ ዛሬ ሳይመጣ መቅረቱ እንደ ቀረ ዘመድ ነበር የሆነባት።

ኮሪደሩ ላይ ደረሰችባቸው።

«ጋሼ፣ አልገጠመም እኮ።»

«አልገጠመም።»

«ታዲያ ለምን?»

ቦርሳቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «እኔ በወሩ መጨረሻ እወጣለሁ። አንቺም ፊልሙ ካልታየ ትወጫለሽ። ቀዩን ከልባችን ያየነው ሁለታችን ብቻ ነን። ሁለታችንም ከወጣን ማን ይፈልገዋል? ያ?» አሉ፤ በአገጫቸው የፕሮግራመሩን በር አሳይተው።

ይፈርሙልኝ ብላ አልለመነቻቸውም ነበር። እሷ ሥዕል ሠሪ መሆኗን፣ መሥመር በመሥመር ሞዴል ማንበብ ሥራዋ እንዳልሆነ፣ ይህን ሁሉ ሳይጠይቋት እንደ ወሰኑባት ነገረቻቸው። እስከ መጨረሻው በትሕትና አዳመጧት።

«አውቃለሁ» አሉ። «ስሠራ በኖርኩበት ዘመን የዋሸሁት ዛሬ ብቻ ነው። ከተገኘ ይካካሳል።»

«ካልተገኘስ?»

ሰዎች በመሐላቸው አለፉ።

«ካልተገኘ ውሸት ነው» አሉ።

ሙዚየሙ በተባለው ቀን ተከፈተ። ጋሼ የትሄደ ከባለቤታቸው ጋር መጥተው ከኋላ ቆሙ፤ ሰው ሲያጨበጭብ አጨበጨቡ። የሥዕሊት እናት ሦስት ጎረቤት ይዛ መጥታ ነበር፤ የትኛውን ነጥብ ልጇ እንደ ሠራች ጠይቃ ሁሉንም ስትባል አላመነችም። አንዲት ትንሽ ልጅ ቆጣሪው ላይ እጇን አድርጋ ቁጥሩን ጮክ ብላ አነበበች፤ አባቷ ትክክል ነው አላት። ሥዕሊት ወደ ኋላ ዞረች። ጋሼ የትሄደ ልጅቱን እያዩ ነበር፤ ፊታቸው ላይ የነበረውን ነገር ማየት ስለከበዳት እንደገና ወደ ግድግዳው ዞረች።

በወሩ መጨረሻ ማስመሪያቸውን ትተውላት ሄዱ። ባለቤታቸው ደውለው፣ አሁን ሙሉ ቀን ቤት ስለሚውል እንድትጸልይላቸው አሳሰቧት። እሷም እጸልያለሁ አለች፤ ከምሯ ነበር። ቋሚነቷ በዚያው ሳምንት ጸደቀ። ፕሮግራመሩ ለቀልድ አስልቶ፣ ካሬዎቹን አንድ በአንድ ካየቻቸው የመጨረሻዋ ላይ የምትደርሰው እሷም ጡረታ ከወጣች በኋላ እንደሆነ ነግሯታል፤ ያውም እስከዚያ አዲስ እትም ካልመጣ ነው። ሰኞ ከሰሜኑ የመጀመሪያ ረድፍ ትጀምራለች።